የእትዬ ውዴ ፎቶና አንዲት የስፌት መኪና

ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ነው የጨረስኩት። ፊደል እሳሳታለሁ፤ መስመርም ይጣመምብኛል። በቃሌ እንዳላወራው ደግሞ ሰው ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ጻፍኩት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ተከራከሩበትና ፍረዱ።

በአንድ ወቅት፣ ወይራ ማዞሪያ በምትባል ከተማ፣ ውዴነሽ ተካ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ክፍል፣ በእግር በሚረገጥ አንድ የስፌት መኪና እየሰፋች የሟች እህቷን ሦስት ሴቶች ልጆች ታሳድግ ነበር። ትልቋ አያልነሽ፣ መካከለኛዋ ሽቱ፣ ትንሿ ብርቄ ይባላሉ። አያልነሽ የጀመረችውን ሳትጨርስ ከመቀመጫዋ አትነሳም። ሽቱ አፏም እጇም ፈጣን ነው። ብርቄ ግን ዓይነ አፋር ናት፤ ደንበኛ ሲመጣ ከጨርቅ ክምሩ ኋላ ትገባለች።

አንድ ጊዜ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ ሴት ለልጃቸው ሠርግ የከፋይ ካባ አሰፉ። ካባው አልቆ ሊወሰድ አንድ ቀን ሲቀረው ጠፋ። ቤቱ ተገለባብጦ ተፈለገ፤ የለም። ወይዘሮ አመለወርቅ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ውዴነሽ ሦስት ቀን ታሰረች። አሻራ ሰጠች፤ በጠመኔ ስም የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ደረቷ ላይ አስይዘው ፎቶ አነሷት። ማስረጃ ስላልተገኘ ተለቀቀች። ፎቶዋ ግን አልተለቀቀም። መናኸሪያው በር ላይ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ «ከእነዚህ ሰዎች ተጠንቀቁ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ተለጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ጨርቅ የሚያመጣ ሁሉ የራሱን ሜትር ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዳንዱ በርጩማ ስቦ ልብሱ እስኪያልቅ ቁጭ ይላል። «ቁርጥራጩንም አምጪው» ብሎ ከመሬት ለቃቅሞ የሚሄድም ነበር። ብዙዎቹ ጭራሽ ቀሩ። ጥርጣሬው ደግሞ ደጅ ላይ አልቆመም፤ ወደ ቤትም ገባ። ውዴነሽ ሦስቱን አቁማ «ከእናንተ መሃል የምታውቅ አለች?» ብላ ጠየቀች። ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀሱን ሳይቀር እየቆለፈች መውጣት አመጣች። ዓይኗም ሽቱ ላይ ቀረ። ሽቱ ጌጥ ትወዳለች፤ ያን ካባም ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በመስታወት ራሷን ስታይ ተይዛ ነበር።

እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ከረሙ። በሁለተኛው ዓመት፣ በዞኑ ከተማ ያለ አንድ ማሠልጠኛ የስፌት አስተማሪ ፈለገ። ውዴነሽ ተወዳድራ አለፈች፤ የቀራት ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ልጆቹን ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«እኔ ከሄድኩ መኪናው እዚሁ ይቀራል። አሁን ባለው ገበያ ከአንድ ሰው በላይ አያበላም። ስሜን አጽድታ ፊቴን ከዚያ ሳጥን ያወረደችልኝ ትወስደዋለች። የቀሩት ሁለቱ ሰው ቤት ይቀጠራሉ። ሌላ የማደርገው የለኝም።»

አያልነሽ ቀድማ ተነሳች። ፖሊስ ጣቢያው መዝገብ ቤት ሄዳ መስኮቱ ላይ ቆመች።

«ውዴነሽ ተካ የሚባል መዝገብ የለም» አላት ጸሐፊው።

«ፎቶዋ እኮ ተሰቅሏል፣ ጋሼ።»

«ፎቶ የሌላ ክፍል ነው። እኔ መዝገብ ነኝ።»

«መዝገብ ከሌለማ ነጻ ናት ብለው ይጻፉልኛ።»

«የሌለ መዝገብ እንዴት ይዘጋል? መጀመሪያ ይገኝ፣ ከዚያ ይዘጋል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። አያልነሽ ግን ወደ መናኸሪያው ሄደች፤ የመስታወቱን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ አክስቷ ደረት ላይ ያለውን ሰሌዳ አነበበች። «ጓንጉል አበጋዝ» ይላል። ከእሷ በፊት የታሰረውን ሰውዬ ስም ፎቶ አንሺው ሳያጠፋው ኖሯል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማው ሁሉ ፊቷን ሲያይ ስሙን ያነበበ አልነበረም። አያልነሽ ተመልሳ የጓንጉልን መዝገብ ጠየቀች። «ምንሽ ነው?» ተባለች። ምኗም አልነበረም። አምስት ቀን፣ በር ሲከፈት ገብታ በር ሲዘጋ እየወጣች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በአምስተኛው ቀን ጸሐፊው «በይ ያውልሽ፣ አንቺ መዥገር!» ብሎ መዝገቡን ወረወረላት። የውዴነሽ ቃል፣ አሻራዋና ፎቶዋ ሁለት ፍየል በሰረቀ ሰው መዝገብ ውስጥ ተሰፍተው ተገኙ።

«እትዬ፣ ለካ የፍየል ሌባ ሆነሽ ነው የከረምሽው!» አለቻት ማታ። ውዴነሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ቀጥሎ የሽቱ ተራ ሆነ። መዝገቡ ተገኘ እንጂ አልተዘጋም። ዐቃቤ ሕጉ «ከሳሿ አልፈልግም ብለው ይፈርሙ» አለ። ወይዘሮ አመለወርቅ ደግሞ «ካባዬን ሳላይ ጣቴን አላነሳም» ብለው በሩን ዘጉ። ሽቱ እናቷ የተወችላት አንድ ጥንድ የወርቅ ጉትቻ ነበራት። ሸጠችው። ከፋይና የወርቅ ክር ገዝታ ሃያ ቀን ሰፋች፤ ዓይኗ እስኪቀላ ሰፋች። ካባውን ስትወስድላቸው ወይዘሮዋ ገልብጠው ገበሩን አዩ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ሞከሩ።

«እኔ የምለው፣ ካልሰረቃችሁ ለምን ትተካላችሁ?»

«ካልተካን ይፈርማሉ?»

«አልፈርምም።»

«ታዲያ ለዚያ ነዋ!»

ወይዘሮ አመለወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ፈረሙም። መዝገቡ ተዘጋ፣ ወረቀቱም ተጻፈ። ሽቱ ምስጋና ጠብቃ ቤት ስትገባ ግን አክስቷ ወረቀቱን እያየች፣ ቀስ ብላ «እስካሁን ልብሽን ሲከብደው ኖሯል» አለቻት። ሽቱ ምን እንደተባለች ገባት። እራቷን ሳትቀምስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አንድ ፍራሽ የምትጋራት ብርቄ የእህቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይሰማት ነበር።

ሆኖም ፎቶው አሁንም እዚያው ነው። «የሳጥኑ ቁልፍ ከተዛወረው አባል ጋር ሄዷል፤ ሌላ እስኪሠራ ጠብቁ» ተባለ። የማሠልጠኛው ኃላፊ ደግሞ ማክሰኞ በአውቶቡስ መጥታ ውል ልታስፈርም ነው፤ የምትወርደው ከሳጥኑ ፊት ለፊት ነው። ውዴነሽ እህል አልወርድ አላት። «ያን ፊት አይታ እኔን ትቀጥራለች?» ትላለች። «ወረቀት ማን ያነባል?»

ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ያቺ ከሰው የምትደበቀው ብርቄ ድንጋይ ይዛ በሰው መሃል አለፈች። መስታወቱን አንዴ መታችው፤ አልተሰበረም። ደገመችው።

«ኧረ ልጅቷ አብዳለች፣ ያዟት!» ብለው ረዳቶቹ ጮኹ።

«ቆይ፣ ይቺ የሌባዋ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

እጇ እየደማ ፎቶውን አውጥታ በትንንሹ ቀደደችው። አልሮጠችም። ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው ቆማ ጠበቀች። ጣቢያ ወስደው አሻራ ተቀበሏት፤ የራሷ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አስይዘው ፎቶ አነሷት። «ማን ላከሽ?» አሏት። «ማንም» አለች። የመንግሥት ንብረት አበላሽታለች ተብሎ መዝገብ ተከፈተባት፤ ከሰዓት በዋስ ወጣች። ኃላፊዋ ግን ከአውቶቡስ ስትወርድ ያየችው የተሰበረ መስታወት ብቻ ነበር፤ ውሉም ተፈረመ።

እንግዲህ ከሦስቱ አንዷ ብትጎድል ውዴነሽ ሥራውን አታገኝም ነበር። የመኪናው ነገር ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ ተከራከረ።

«መዝገቡ ባይገኝ ሽቱ ምን ላይ ታስፈርም ነበር?» አለች አያልነሽ።

«ካልተፈረመበትስ መገኘቱ ምን ያደርጋል? እኔ የእናቴን ጉትቻ ነው ያጣሁት። አንቺ ምን አጣሽ፣ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ነው?» አለች ሽቱ።

ብርቄ በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን ታቅፋ ወደ ጨርቅ ክምሩ ኋላ ተጠጋች። ውዴነሽ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አያልነሽ ደክማለች፤ አልክድም። የሽቱን ነገር... እሱን እግዜር ያውቃል። ብርቄ ግን የኔን ፊት አውርዳ የራሷን ሰጠች። ከእናንተ ሁሉ ጥርጥር የሌለብኝ በእሷ ነው። እስቲ ነገ ልወስን» አለችና ብርቄን ግንባሯን ሳመቻት።

እስካሁን ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ካባውን የሰረቀው ሰው የለም። ያን ቀን ውዴነሽ የልብስ ቁልፍ ልትገዛ ስትወጣ ብርቄ ብቻዋን ቀርታ ነበር። አክስቷን ደስ አሰኛለሁ ብላ ካባውን በከሰል ካውያ ተኮሰችው። ከፋይ እንዲያ እንደማይተኮስ አላወቀችም። ደረቱ ላይ የካውያው ቅርጽ ጠቁሮ ቀረ። ደነገጠች፤ ጠቅልላ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ወይዘሮዋ አንድ ቀን ተቆጥተው የሚተዉት መስሏት ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። በማግስቱ ባሰ፤ በሳምንቱ ጭራሽ አቃታት። ሽቱ ስትጠረጠር ዝም አለች። ሽቱ ጉትቻዋን ስትሸጥም ዝም አለች። ድንጋዩንም ያነሳችው ጀግና ሆና አይደለም፤ ያን ፎቶ እያየች በመናኸሪያው ማለፍ ስላልቻለች ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እኔም ከዚህ ወረቀት በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዷ የጠፋውን መዝገብ አገኘች። አንዷ ያላትን ሰጥታ አዘጋችው፤ ተጠርጣሪም ሆና ቀረች። አንዷ ፎቶውን አውርዳ በራሷ ላይ መዝገብ አስከፈተች፤ ጥፋቱም ከመጀመሪያው የእሷ ነበር። መኪናው ለማን ይገባል?