አያ ጅቦና ሁለቱ ጥቋቁር እባቦች

አንድ ጊዜ፣ በቆላ ወንዝ ዳር፣ አያ አንበሶ ሁለት ጥቋቁር እባቦችን በሁለት የቀርከሃ ቅርጫት ያኖር ነበር። አንዱ መርዝ የሌለው አይጥ አዳኝ ነው፤ ቤቱን አይጥ የወረረው ሁሉ ይዋሰዋል። ሌላው ግን መርዘኛ ነው፤ ሚዳቋ ነድፎ በመግደሉ ታስሯል። ሁለቱ በመልክ አይለዩም፤ ቁመታቸውም ጥቁረታቸውም እኩል ነው። ታዲያ አዲስ የተሾመው ጠባቂያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ለእባቦቹ ቀለብ የሚመጡትን አይጦች ተቀብሎ የሚያበላው እሱ ነው። ለጅብ የሥጋ አደራ ይሰጣል ወይ? ተሰጠ እንግዲህ።

አንድ ማለዳ አህዪት እያለከለከች መጣች። ገና አራስ ናት። ጋጧን አይጥ ወሮት የውርንጭላዋን ጆሮ አቁስሎባታል።

«ጌታዬ፣ ልጄን ሊበሉብኝ ነው! አይጥ አዳኙን ያውሱኝ» አለች።

«ውሰጂ» አለ አያ አንበሶ። «ጅቦ፣ አውጣላት!»

አያ ጅቦ የግራውን ቅርጫት አየ፤ ጥቁር ነው። የቀኙን አየ፤ እሱም ጥቁር ነው። ላብ አጠመቀው። ከዚያ «ይኸኛው ነው!» ብሎ የግራውን ብድግ አደረገና አህዪት ጀርባ ላይ ጫነው።

አህዪት በቅርጫቱ ውስጥ የሚጥመለመለው ነገር ሲሰማት ባለችበት ቆመች። ይህን ወስዳ ከልጇ አጠገብ ልትለቀው ነው። ጅቦ ቢሳሳትስ?

«አያ ጅቦ፣ በሞቴ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«አንቺ ደሞ! ስቀልባቸው የከረምኩት እኔ አይደለሁም? ከኔ በላይ ማን ያውቃቸዋል!»

ቀበሮ ከቁጥቋጦው ጥላ ብቅ አለች። «እውነቱን ነው፣ ያበላ ያውቃል» አለች ለስለስ ብላ። «በል አያ ጅቦ፣ እጅህን ሰደድ አድርገህ አንዴ ደባብሰውና የዚች ምስኪን ልብ ይረፍ።»

አያ ጅቦ እጁን ወደ ቅርጫቱ አስጠጋ። ከውስጥ «ስስስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እጁን መንጭቆ ሰበሰበና «ዛሬ እንኳ እጄን ትንሽ አሞኛል» አለ።

ጉድ ፈላ! አህዪት እንባዋ መጣ። ወደ እባቦቹ ዞረችና «ስለ ልጄ ብላችሁ፣ አይጥ አዳኙ ማንኛችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ!» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

«አፍ ይዋሻል፣ አበላል ግን አይዋሽም» አለች ቀበሮ። «ለሁለቱም አይጥ ይጣልላቸው።»

ቅርጫቱ ከአህዪት ጀርባ ወረደ፤ ሁለት አይጦችም መጡ። አያ ጅቦ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ እንኳ ለሃጩን አዝረበረበ። የቀኙ እባብ አይጡን ጥምጥም አድርጎ ያዘው፤ ትንፋሹ እስኪጠፋ ድረስም አልለቀቀውም። የግራው ግን አንዴ ነከሰና ተወው። አይጡ ጥቂት ተንገዳገደና ድፍት አለ።

አህዪት ተሸክማው የነበረው መርዘኛው ነው።

«ስታበላቸው ይህን አላየህም?» ብሎ አያ አንበሶ አገሳ።

«ምን ሊያይ ጌታዬ!» አለ የቀኙ እባብ። «ከተሾመ ወዲህ የአይጥ ጅራት እንኳ አላቀመሰንም። አይጡ ሁሉ እሱ ሆድ ገብቷል።»

አያ አንበሶ መርዘኛውን በአያ ጅቦ ጀርባ አስጭኖ ወደ ሩቅ በረሃ ላከው። እባቡ በመንገዱ ሁሉ ከወገቡ በላይ ሲያፏጭበት፣ አያ ጅቦ በፍርሃት ቂጡን ዝቅ እንዳደረገ ሄደ፤ እስከ ዛሬም ቀና አላለለትም ይባላል።

አህዪት የቀኙን ይዛ ቤቷ ገባች። ያም ሆኖ ወዲያው አልለቀቀችውም። ሌላ አይጥ ጣለችለትና ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ጥምጥም ሲል ካየች በኋላ ነው ቅርጫቱን ከፍታ ከልጇ ጎን የተኛችው።

ከዚህ የምንማረው፣ አደራውን የሚበላ ጠባቂ ክፉውን ከደጉ የሚለይበትን ዕውቀትም አብሮ እንደሚበላው ነው።