የቱቦው ክዳን

ልጄ አስካለ፣ «ከእህቴ ጋር ታርቀናል፤ ግን ከልቧ ይቅር እንዳለችኝ በምን አውቃለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ፤ እንግዲህ ስሚኝ።

አንድ ገበሬ ነበረ። እርሻው ከአንድ አሮጌ የፈንጂ መጋዘን አጠገብ ነው። መጋዘኑ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እዚያ የተቀበረው ፈንጂ ግን መርዙ በየክረምቱ እየታጠበ ከመሬት በታች ወዳለው ውሃ ወረደ። የገበሬው ጉድጓድ መረረ፣ ላሞቹም ታመሙ። ከሩቅ ወንዝ በአህያ ውሃ ማመላለስ ሲሰለቸው መሬቱን ጥሎ ለመሄድ ቆረጠ።

በዚህ መካከል አንዲት የውሃ ባለሙያ መጣች። «አፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሉ። መርዙን ሰባብረው ሊያጠፉት ይችላሉ፤ ምግብ አጥሯቸው ነው» አለችው። ከጉድጓዱ አጠገብ ቱቦ ወደ ታች አስገባች፤ ከስኳር ፋብሪካ የመጣ ሞላሰስ በውሃ በጥብጣ አፈሰሰችበትና ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። «በየወሩ ይህንኑ ያፍስሱላቸው። ከዚያ ውጭ አይክፈቱት፤ አየር ካገኙ መርዙን አይነኩትም።»

ገበሬው፣ በሬ የሚደልብበትን ሞላሰስ መሬት ሲጠጣው እያየ ዕረፍት አጣ። ማለዳ ማለዳ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ በባትሪ ያያል፣ በረጅም ዘንግ ያማስላል። ባለሙያዋ ተመልሳ ውሃውን ስትመረምር መርዙ እንዳለ ነው።

«የሚከፍተው ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ገበሬው ፊቱን ወደ ላሞቹ አዞረ። ሚስቱ ግን «ተህዋስያኑን ‹እንዴት አደራችሁ› ሳይል ቁርስ አይቀምስም» አለች።

ባለሙያዋ ሳቀች። እሱም አፍሮ ሳቀ። ወዲያው ቤት ገብቶ የጎተራውን ጓጉንቸር አመጣ፤ ክዳኑን ቆለፈና መክፈቻውን ለሚስቱ ሰጣት።

«ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አላት።

ለመናትም፤ አልሰጠችውም። ሞላሰስ የሚጨመርበት ቀን ሲደርስ እሷ ትከፍታለች፣ እሱ ያፈሳል፣ እሷ መልሳ ትቆልፋለች። እግሩ ወደዚያ እየሳበው ቢያስቸግረው ወደ ማሳው የሚሄድበትን መንገድ ለወጠ።

ክረምቱ አልፎ ባለሙያዋ ስትመረምር መርዙ የለም። ላሞቹ እየተጋፉ ጠጡ። ገበሬውም አንድ ጣሳ ጨለጠና ጣሳውን እንደገና ዘረጋ።

አስካለ፣ አንቺም እንደዚያ ገበሬ ነሽ። እህትሽ ይቅር ካለችሽ ቀን ጀምሮ በውስጧ ሥራ ተጀምሯል፤ አንቺ ግን ባገኘሻት ቁጥር «አሁንም ተቀይመሽኛል?» እያልሽ ትከፍቺባታለሽ። ሂጂና ጤፏን አብረሻት እጨጂ፤ ልጇ ሲያመው አስታሚላት። የድሮውን ነገር ግን አታንሺው። ከልቧ መሆኑን፣ አንድ ቀን መጠየቅ ረስተሽ አብራችሁ ስትስቁ ታውቂዋለሽ።