የማራገቢያው ፍርድ

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በአንድ ቆላ ወረዳ ጠብታ ዝናብ አልጣለም፤ ሙቀቱ ሰው ያዝል ነበር። አንድ ንግግር የማያበዛ ገበሬ ለልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መጣ። ወረቀቱ በዚያው ቀን ካልደረሰ ልጅቷ ለፈተና አትመዘገብም። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ግን ስሟ ተጽፎ ሳያልቅ እየጋለ ይጠፋል። ጸሐፊዋ ሠናይት የኮምፒውተሩን ጎን ፈትታ አቧራውን ጠረገችና ለኃላፊው ለአቶ ልዑልሰገድ፣ «ውስጡ ያለችው ትንሿ ማራገቢያ ተቃጥላለች። የእርስዎን ትልቁን ብናዞርለት ይሠራል፣» አለቻቸው።

አቶ ልዑልሰገድ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማራገቢያቸው ፊት ተቀምጠዋል። ነገሩ አላስደሰታቸውም፤ ወደ ገበሬው ዞሩ።

«እስቲ አንተ ፍረድ። ነፋሱ ለእኔ ይገባል ወይስ ለዕቃው? ለእኔ ካልክ ወረቀትህ ይቀራል። ለዕቃው ካልክ ደግሞ ኃላፊን ከብረት አሳንሰሃልና ትጠየቃለህ።»

ገበሬው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ።

«ጌታዬ፣ ለክብር ከሆነ ለእርስዎ ይገባል። ማክሰኞ ዕለት ግን እርስዎ ስብሰባ ሄደው እሱ ብቻውን ሲሠራ ጎረቤቶቼ ሁሉ ጉዳያቸውን ጨርሰው ገቡ። ዛሬ እርስዎ አሉ፣ እሱ የለም፤ ይኸው ሁላችንም ቁጭ ብለናል። እንግዲህ ከሁለታችሁ የማንን ጤና እንጠብቅ? ይህን ደግሞ እርስዎ ይፍረዱልን።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ገበሬው ግን ፍርዱን አልጠበቀም። ተነሥቶ ማራገቢያውን ወደ ተፈታው ኮምፒውተር አዞረና ሠናይትን፣ «በይ ልጄ፣ ስሟን ጻፊ፣» አላት።