ከድልድዩ ወዲያ የሚሰማ ድምፅ

አንድ መንደር ነበረ፣ ወንዝ ለሁለት የከፈለው። ከላይ በኩል ያሉት ጎርፍ ሲመጣ ቀድመው ያያሉ። ከወንዙ ማዶ፣ ዝቅ ብለው የሚኖሩት ግን ውሃው ደጃፋቸው እስኪደርስ አያውቁም። ማዶ ያሉት ባዳ አይደሉም፤ የተዳሩ ሴት ልጆች፣ አማቾች፣ አበልጆች ናቸው። ስለዚህ ክረምት ሊገባ ሲል ከላይ ያለው እያንዳንዱ ቤት ማዶ ወዳለው ዘመዱ ገመድ ይዘረጋል። አንዱ ጫፍ እላይ ከቤቱ ምሰሶ ይታሰራል፣ ሌላው ማዶ ካለው ዘመድ ቃጭል ጋር። ጎርፍ ሲታይ ገመዱ ይሳባል፣ ቃጭሉ ይጮኻል፣ ማዶ ያለው ልጁን አዝሎ ከብቱን ነድቶ ወደ ዳገቱ ይወጣል።

ሲወራ ቀላል ነው። በመካከል ግን ረግረግ አለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ደንገል የሞላበት። ገመድ ዘርጊው ከአፍንጫው ወዲያ አያይም። እጆቹን ወደ ፊት እየላከ፣ እየዳሰሰ፣ ገመዱን ከኋላው እየለቀቀ ይሄዳል። መንገዱን ሁሉ የሚያውቅለት ሰውም የለም፤ ረግረጉ በየዓመቱ መልኩን ይለውጣል።

ታዲያ እንዴት ይደርሳል? የዚያ አገር ሰው ዘዴ አለው። ጭቃው በሚውጥበት በኩል እሾህ ይደረደራል። መሬቱ ደህና በሆነበት በኩል ደግሞ ሽምብራ ይቆላል። ዘርጊው የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፦ ከወጋህ ራቅ፣ ከሸተተህ ቅረብ።

ወንዙን የሚያሻግረው የግንድ ድልድይ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከሁሉ የበለጠ ቆሎ የሚቆላው እዚያ ነው። ድሮ ድሮ ዘርጊ ሁሉ ሽታው ጎትቶት ይሻገራል፤ ትንሽ እንደራቀ ሽታው ከኋላ ይመጣበትና ተመልሶ ይሻገራል። ወዲያ ወዲህ ሲል የሰው ሁሉ ገመድ ይተበተባል። በዚህ የተነሳ ከቆሎው አጠገብ እትዬ አንጓችን አስቀመጧት።

የአንጓችን ምላስ የማያውቅ የለም! የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የማን ሱሪ ሠርግ ላይ እንደወለቀ፣ አንድም አያመልጣት። ድልድዩ ላይ ቁጭ ብላ ያለ ፋታ ትሳደባለች፤ የሰማት ሰው እዚያ መቆም አይችልም። ዘርጊው ሳይሻገር ከሰማት ደግሞ ድልድዩን ጭራሽ አይረግጠውም። ስለዚህ ከቤት ሲወጣ እናቱ ጆሮውን በጥጥ ትደፍንና "እግርህ ድልድዩን ሲለቅ አውጣው" ትለዋለች። ያን ጊዜ ስድቡ ከኋላው ይመጣበታል፣ ዞሮ ሳያይ ወደ ማዶ ይፈረጥጣል። አንጓች ያችው አንጓች ናት። የተለወጠው የሱ ጆሮ ነው።

አንድ ዓመት፣ አባቱ የሞተበት አንዳርጌ የሚባል ጎረምሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመድ ሊዘረጋ ተነሳ። ማዶ ያለችው እህቱ አራስ ናት፣ ቤቷም ከሁሉ ቤት ዝቅ ያለው ነው። አንዳርጌ በዚያው ሰሞን እጮኛው ጥላው ሌላ አግብታ፣ ሰው ፊት ቀና ማለት አቅቶት ነበር። እናቱ ወይዘሮ ድንቄ አንጓች እንደማትምረው ታውቃለች። ጥጡን ጠቅጥቃ ጠቅጥቃ "እቤትህ እስክትመለስ እንዳታወጣው፣ ልጄ" አለችው።

እሱም የታዘዘውን አደረገ። ሌሎቹ ተሻግረው ሲሄዱ አንዳርጌ ተሻገረ፣ ሽታው ከኋላ መጣበት፣ ተመለሰ። ደግሞ ተሻገረ፣ ደግሞ ተመለሰ። ገመዱ በድልድዩ ቋሚዎችና በሰው ገመድ ላይ ተጠመጠመ። ከላይ ተራራው ጠቁሮ ነበር።

የገመድ ዝርጋታውን የሚመራው አለቃ እየሮጠ ድንቄ ቤት ገባ።

"ገመድሽን ልቆርጠው ነው" አላት።

"ምን በወጣው?"

"ልጅሽ ድልድዩ ላይ እንደ አውድማ በሬ ይዞራል! የሰውን ሁሉ ገመድ ተብትቦታል። ያንቺን ካልቆረጥኩ የማንም ቃጭል አይጮኽም።"

"ኧረ በማርያም! እዚያ ማዶ አራስ አለችኝ!"

"ጥጡን አውጣ አላልሽውም እንዴ?"

ድንቄ መሬት መሬቱን አየች። "ስድቧን እንዳይሰማ ብዬ ነው። አንጀቴ አልችል አለኝ።"

"ስድብ መሰለሽ?" አላት አለቃው። "መንገዱ እኮ ነው፣ ድንቄ! በይ ተነሽ፣ እስክንደርስ ልታገሥሽ።"

ሲደርሱ አንጓች ጉሮሮዋ ተዘግቶ እንኳ አላቋረጠችም። "አንተ እጮኛህ ያመለጠችህ! እሷስ እውነቷን ነው፣ ከቆሎ ሌላ የምታውቀው የለህ!" አንዳርጌ ግን ምንም አይሰማም፤ ፈገግ ብሎ ያልፋታል። አለቃውና ሰዎቹ የተጠመጠመውን ገመድ እያነሱ ሲፈቱ፣ ድንቄ ልጇን ማዶ በኩል ይዛ ሁለቱንም ጥጥ ከጆሮው መዘዘች።

ይሄኔ አንጓች ዝም አለች።

"በይ እንጂ!" አለቻት ድንቄ።

"አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ?" አለች አንጓች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ እያስጠጋች። "በእናቱ ፊትማ ነውር ነው። አላደርገውም።"

ያቺ ምላሰኛ፣ ይሉኝታ የያዛት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዳርጌም እናቱን ሲያይ ደስ ብሎት "እማ፣ አንቺም መጣሽ? ነይ ቆሎው ጋ እንቀመጥ" አላት። ከተራራው የውሃ ድምፅ መሰማት ጀምሯል።

ድንቄ ልጇን በደረቱ ገፋችው።

"ሂድልኝ!" አለችው። "እዚህ እናት የለህም! አራስ እህት እያለችህ ቆሎ ስትዞር የምትውል፣ ምን ዓይነት ወንድ ነህ? ሂድ፣ ዓይንህን አልይ!"

ልጁ ክፉ ቃል ከእናቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ፊቱን አዙሮ፣ እጆቹን ወደ ፊት ልኮ፣ ደንገሉ ውስጥ ገባ። አልተመለሰም።

ጎርፉ ሲመጣ ገመዶቹ ሁሉ ተሳቡ። ማዶ ቃጭሎች ጮኹ፣ በመጨረሻም ከሁሉ ዝቅ ካለው ቤት አንዲት ቃጭል ተሰማች። አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ወንድሟ ደግፏት ወደ ዳገቱ ስትወጣ የላዮቹ አዩአት። ድንቄ ድልድዩ አጠገብ ካለው ዳገት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንጓች መጥታ ከጎኗ ተቀመጠችና ከመቀነቷ እፍኝ ቆሎ ፈታች። "ቅመሽ እንጂ" አለቻት፣ "የኔን ሥራ ነጥቀሽኝ ደግሞ ታለቅሺያለሽ?"

ወገኖቼ፣ ልጅ በማህፀን ሲሠራም እንዲሁ ነው ይላሉ የተማሩት። ከአንጎልና ከጀርባ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ያድጋሉ፤ አንዱ ወደ እጅ፣ አንዱ ወደ እግር። የክሩ ጫፍ እንደ ጣት እየዳሰሰ ይሄዳል እንጂ መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ የለም። ከእናትና ከአባት የምንወርሰው ጂን የሚሉት ነገር የመንገድ ሥዕል አይደለም። በየቦታው ማን ቆሞ እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚያባርር፣ ክሩም የትኛውን መቼ እንደሚሰማ የሚያዝ ነው። የሰውነታችን መሐል መስመር ልክ እንደ ድልድይ ነው። ሳይሻገር የጠራው ስፍራ፣ ከተሻገረ በኋላ ሂድ ይለዋል፤ ክሩም ያንን "ሂድ" የሚሰማው ያኔ ነው። ይህቺ አንዲት ትእዛዝ ስትጎድል ክሩ መሐሉን እየተሻገረ እየተመለሰ ሲዞር በዝንብ ሽል ላይ አይተዋል አሉ።

እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ነገር ሁሉ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። ሰውን የሚያደርሰው "ና" የሚለው ድምፅ ብቻ አይደለም። "ሂድ፣ እዚህ አትቅር" የሚለውም ያደርሳል፣ በጊዜው ከተሰማ። ለልጆቻችን አዝነን የምንደፍንባቸው ድምፅ ስንት ይሆን? እናንተንስ በሕይወታችሁ "ሂድልኝ" ብሎ ያደረሳችሁ ማን ነበር? እስከ ዛሬ ተቀይማችሁት ይሆን?