ጓጉንቸር የገባበት ሳውና

አንድ ፊንላንዳዊ ገበሬ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ባሕር ተሻግሮ በሰሜን አሜሪካ ጫካ ውስጥ መሬት ያዘ። ታላቁ ካሌርቮ፣ ታናሹ ታኔሊ ይባላሉ። ከመኖሪያ ቤት በፊት ሳውና ሠሩ፤ የአገራቸው ወግ እንዲያ ነው። ሳውና ድንጋይ በእሳት አግለው፣ ውሃ እያፈሰሱበት፣ በእንፋሎቱ የሚታጠቡበት የግንድ ቤት ነው። የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት እዚያው ተኝተው አሳለፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገላቸውን የሚታጠቡት እዚያ ነው። ሴቶች የሚወልዱት እዚያ፣ ሬሳ የሚታጠበውም እዚያ ነው። በሩ ጓጉንቸር አያውቅም ነበር።

ታኔሊ ሴልማ የምትባል ሴት አግብቶ ከወንድሙ ማሳ አጠገብ ጎጆ ቀለሰ። ወንድማማቾቹ በብርድ ወራት ማዕድን ይቆፍሩ ነበር። የማዕድኑ ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ታኔሊ አብሮ መታ። ካሌርቮ ግን አድማ ኃጢአት ነው ያለውን የመንደሩን ቄስ ሰምቶ ሥራውን ቀጠለ።

ቅዳሜ ሳውና ውስጥ ተገናኙ።

«ደህና አድርገህ ታጠብ» አለ ታኔሊ። «የአድማ ሰባሪ እድፍ በአንድ ቅዳሜ አይለቅም።»

ካሌርቮ ልብሱን ለብሶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ነበር።

«ይህን በር የጠረብኩት እኔ ነኝ» አለ ታኔሊ።

«መሬቱ የእኔ ነው። ሂድ፣ አድመኞቹ በምትሰበሰቡበት አዳራሽ ታጠብ። ከአፋችሁ የሚወጣው እንፋሎት ይበቃችኋል።»

አድማው ከሸፈ። ማዕድኑ ታኔሊን መልሶ አልቀጠረውም። የራሱን ሳውና ሳይሠራ በረዶው ወረደ። ሴልማን ምጥ ሲይዛት ነፋሱ በጎጆው ግንዶች መካከል እየገባ ነበር።

«ሂድና ወንድምህን ለምነው» አለችው።

«ሰው በጓጉንቸር ከተናገረኝ በኋላ ምን ብዬ ልለምነው?»

«እኔንስ ምን ልታደርገኝ ነው?»

ታኔሊ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ።

ልጁ በሕይወት ተወለደ፤ ብርዱ ግን አላሳደረውም። በማግስቱ እናቱ ተከተለችው።

ካሌርቮ ወሬውን ሰምቶ መክፈቻውን በእጁ እንደያዘ ሮጦ መጣ።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ጓጉንቸሩን አይቼ።»

«ብትጠራኝ እከፍትልህ ነበር እኮ።»

«እሱን ጓጉንቸሩ አልነገረኝም።»

ካሌርቮ ሳውናውን ከፍቶ ድንጋዩን ራሱ አጋለ። የመንደሩ ሴቶች እናትና ልጅን በሞቀ ውሃ አጠቡ። ከዚያ በኋላ ካሌርቮ ጓጉንቸሩን ሐይቅ ውስጥ ጣለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳት አንድዶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል። ታኔሊ ከማሳው ማዶ ጭሱን ያያል። አይቶም እንጨቱን መፍለጡን ይቀጥላል።

ሰው በሩን ሲዘጋ የዘጋው ባልወደደው ሐሳብ ላይ ይመስለዋል። በሩ ላይ የሚመጣው ግን ሐሳብ አይደለም፤ ምጥ የያዛት ሴት ናት። ከውጭ የቆመውም ክብሬን ጠበቅሁ ይላል፤ ክብሩን የሚከፍልለት ግን ሌላ ሰው ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ አንዱ በር ዘጋ፣ ሌላው ማንኳኳት እምቢ አለ። የሞቱት ግን እነሱ አይደሉም።

አንተ ከወንድምህ ጋር ተኳርፈህ ከሆነ፣ በሩን አሁን ትከፍታለህ ወይስ ሬሳ ሲታጠብ?