ጭሱን ያየው ማን ነው?

ተረት ተረት ስላችሁ «እሺ፣ እንስማ!» በሉኝ።

ሚዳቋዎች በመንጋ ተሰደው መጡ። ዝንጀሮ ከተራራው ላይ ሆኖ «እዚህ ቦታ የለም፤ ወደ ሜዳው እለፉ» አላቸው። የሜዳው ጌታ ከርከሮም ወደ ወንዙ ገፋቸው። ወንዙ ዳር ጉማሬ መንገድ ዘግቶ «ሁሉም ወደ እኔ ነው እንዴ የሚልከው?» ብሎ ጮኸ። ሦስቱ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ሁሉን ካልጠየቀች የማይሆንላት ኤሊ ግን አንዷን ሚዳቋ ተጠግታ «እህቴ፣ ከምን ሸሽታችሁ ነው?» አለቻት።

«ከተራራው ጀርባ ሰደድ እሳት ተነስቶ ሣራችን ነደደ» አለች ሚዳቋ።

ኤሊ አንገቷን ወደ ዝንጀሮ አስግጋ «አያ ዝንጀሮ፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነህ ጭሱን አላየህም?» አለችው።

«አየሁ እንጂ! ገና ቀጭን ሳለ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለማን ነገርክ?»

«ለማን እነግራለሁ? የኔ ተራራ መች ነደደ!»

ይህን ሲሰሙ ከርከሮና ጉማሬ ተያዩ። ጉማሬ ከመንገዱ ገለል አለ። «ከእንግዲህ ጭስ ያየ ሁሉ ይጩህ» ተባባሉ። ሚዳቋዎቹም ዝናብ ጥሎ ሣራቸው እስኪያቆጠቁጥ በሦስቱም ዘንድ ተከፋፍለው ከረሙና ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው በጋ ዝንጀሮ ከተራራው ጀርባ ቀጭን ጭስ እንዳየ ጮኸ። ከርከሮ ሮጦ ደርሶ ከእሳቱ ፊት ያለውን ሣር ከነሥሩ ነቀለ፤ ጉማሬም ከነጭቃው ረመጡ ላይ ተንከባለለበት፤ እሳቱም ሳይዛመት ጠፋ።

በማግስቱ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው ጉማሬ ሣር አዘጋጅቶ እንግዶቹን ሲጠብቅ ዋለ። ማንም አልመጣም።

«ኤሊ፣ ሚዳቋዎቹ ዘንድሮ ምነው ቀሩ?» አላት።

«ቤታቸው ናቸዋ!» አለችው።