ጌታውን ያላወቀው በር

አንድ ይልቃል የሚባል የፈጠራ ሰው ነበር። በድምፅ የሚከፈት በር ሠርቶ ስሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። በሩ ቁልፍ የለው፣ እጀታ የለው፤ ባለቤቱ ፊቱ ቆሞ «ክፈት» ሲለው ድምፁን ለይቶ ይከፈታል። ሌላ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮህ ንቅንቅ አይልም። የከተማው ሰው «ወይ ጉድ! ደግሞ ብሎ ብሎ ብረት ጆሮ አወጣ?» እያለ ሊያይና ለቤቱም ሊያሠራ ይጎርፍ ነበር።

እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን በሩን የሠሩት ሁለት ሆነው ነው። ይልቃል አንዳርጌ የሚባል ባልንጀራ ነበረው፤ ከአንድ መምህር ሥር አብረው የተማሩ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያደጉ ናቸው። ይልቃል በሩ የደህና ሰው ድምፅ እንዲለይ አደረገ። አንዳርጌ ደግሞ «ሰው ሁልጊዜ ደህና ነው እንዴ?» ብሎ ተነሣና የታመመ፣ የደነገጠና ያለቀሰ ሰው ድምፅ የሚያውቅ መሣሪያ ሠራ። ይህ መሣሪያ ከተገጠመበት በሩ ጌታውን ጉንፋን ቢይዘውም አይስተውም።

ይልቃል መሣሪያውን ሲያይ በቅናት አረረ። ይህ ነገር ከተጨመረ የበሩ ክብር ለሁለት ሊከፈል ነው። ስለዚህ ትንፍሽ ሳይል ሹሞቹ ዘንድ ሄዶ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን በራሱ ስም ብቻ አወጣ። መብቱም በድምፅ የሚከፈትን በር ሁሉ፣ በበሩ ላይ የሚገጠመውንም ዕቃ ሁሉ ያጠቃልል ነበር።

አንዳርጌ ወሬውን ሰምቶ ይልቃል ቤት መጣ።

«ይልቃል፣ አብረን አልነበር እንዴ የሠራነው?»

«ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«ስሙስ ያንተ ይሁን፣ ግድ የለኝም። መሣሪያዬን ግን በሮቹ ላይ ግጠምባቸው። ሰው ታሞ ደጅ ይቀራል።»

«በር ጌታውን በደህና ድምፁ ካወቀው ይበቃዋል» አለ ይልቃል። «አንተ ግን ያን ዕቃህን ለአንድ ሰው ብትገጥም ዳኛ ፊት ነው የምንገናኘው።»

አንዳርጌ ሰው ሲለምነው እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ እየደበቀ መግጠሙን ቀጠለ። ይልቃልም እንደዛተው ከሰሰው። ዳኛው ሕጉን አገላብጠው ለይልቃል ፈረዱ። የአንዳርጌ መሣሪያዎች በሙሉ ተለቅመው አደባባይ ላይ በመዶሻ ደቀቁ፤ ዳግመኛ እንዳይሠራም አስማሉት። «አንዷን እንኳ ለማስታወሻ ተዉልኝ» ብሎ ሲለምን ይልቃል ቆሞ ይስቅ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ ማለት ይሄ ነው።

ይልቃል በግቢው ውስጥ የድንጋይ ጎተራ ነበረው። ነቀዝ እህሉን እንዳይጨርስበት አየር የማያስገባ አድርጎ ነው ያሠራው፤ የገባው ነቀዝ ታፍኖ ይሞታል። ለጎተራውም በድምፅ የሚከፈተውን የብረት በር ገጠመለት። ከውስጥ መክፈቻ እንኳ አላበጀለትም። «እህል መቼም ክፈቱልኝ አይል!» እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ቀን የይልቃል አባት ሞቱ። ከቀብር ለሚመለሰው ለቀስተኛ ንፍሮ መቀቀል አለበትና ይልቃል ጠዋት ጎተራውን ከፍቶ፣ በሩ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደግፎ ወደ ቀብር ሄደ። ንፍሮውን ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንድትቀቅል አንዲት ልጁ ትርንጎ ቤት ቀረች። ትርንጎ ሠርጓ የተቃረበ ልጅ ናት። ይልቃል ከእሷ ሌላ ልጅ የለውም፤ እሷ ስታስነጥስ እሱ ነው የሚደነግጠው።

ቀብሩ ላይ ይልቃል በአገሩ ወግ፣ ወንድ ልጅ ለአባቱ እንደሚያለቅሰው አለቀሰ። አልቃሿ ግጥም ባወጣች ቁጥር ደረቱን እየደቃ አባቱን ተጣራ። አባቱ አፈር ሲለብሱ ድምፁ ጭራሽ ተዘጋ። ይህ ማንንም አልገረመም፤ በዚያ አገር ድምፁ ሳይዘጋ ከቀብር የተመለሰ ልጅ ይታማል።

ለቀስተኛው ግቢ ሲደርስ ሴቶቹ ይተራመሳሉ። ትርንጎ ባቄላ ልትጨምር ጎተራ ስትገባ ድንጋዩ ተንሸራቶ በሩ ተዘግቶባታል። ከውስጥ ብረቱን ትደበድባለች።

«አባዬ! አባዬ ክፈትልኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ!»

ይልቃል እየሮጠ በሩ ፊት ቆመና «ክፈት» አለ። ከጉሮሮው የወጣው ግን ሲር የሚል ነገር ነው። በሩ ንቅንቅ አላለም። ደገመ። ማር በሞቀ ውሃ በጥብጠው አጠጡት፤ አሁንም ሞከረ። በጮኸ ቁጥር የቀረችውም ጭላንጭል ድምፅ ጠፋች። በገዛ እጁ የሠራው በር እንደ ሌባ ቆጠረው።

አንዳርጌ ከለቀስተኛው መካከል ነበር። የተጣላ ሰው ድግስ ይቀራል እንጂ ለቅሶ አይቀርም። ይልቃል እግሩ ላይ ወደቀ።

«በፈጠረህ ይዤሃለሁ አንዳርጌ፣ መሣሪያህን አምጣልኝ» አለ በሹክሹክታ።

«ከየት ላምጣ ወንድሜ? አንድም አላስቀራችሁልኝ እኮ!» አለ አንዳርጌ። እንባው ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ጊዜ አላጠፋም። ዲጂኖ አንሥቶ ግድግዳውን ቀድሞ የመታው እሱ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ተረባረቡ። ምን ያደርጋል፣ ድንጋዩ ይልቃል እንዳዘዘው ትንፋሽ እንኳ እንዳያሳልፍ ሆኖ የተገነባ ነው። የትርንጎ ድብደባ እየሳሳ ሄደና ቀረ። ይልቃል ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ስለነበር መቅረቱን ከሁሉ በፊት ሰማ። «ልጄ» ብሎ ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ አጠገቡ የቆመው ሰው እንኳ አልሰማውም።

ግድግዳው ሲፈርስ ትርንጎን በሩ ሥር ተኝታ አገኟት። ጥፍሮቿ ተነቃቅለዋል። ለቀስተኛው ንፍሮውን ሳይቀምስ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጠ። ግቢው በዋይታ ሲናጥ ይልቃል ብቻ ልጁን ታቅፎ ዝም አለ። ለአባቱ ያለቀሰው ሰው ለልጁ የሚያለቅስበት ድምፅ አልነበረውም።

ወዳጆቼ፣ ሰው የደከመበትን ሥራ ሌባ እንዳይነጥቀው ሕግ መብት መስጠቱ ደግ ነው። ነገር ግን መብቱን የባልንጀራውን እጅ መቁረጫ ያደረገ ሰው፣ በክፉ ቀን የሚደርስለትን እጅ ነው የሚቆርጠው። ዕውቀት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲታሰር ያ አንድ ሰው የደከመ ቀን ሁሉም ይጠፋል። እኛስ? ስማችን ብቻውን እንዲጠራ ብለን ሥራውን ያስጣልነው፣ አፉን ያስዘጋነው ሰው የለም ወይ? ካለ ዛሬውኑ ሄደን ይቅር በለን እንበለው። ነገ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል።